ግንብ የማያግደው ሞገድ፦ የውጭ መንግሥታት ሬዲዮ፣ የሐረር ጆሮና የምርጫ ድምፅ

የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ርዝመቱ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጥንቱ ግንብ ላይ አምስት በሮች አሉ፤ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እየተባሉ ይጠራሉ። በቀድሞው ዘመን ፀሐይ ስትጠልቅ በሮቹ ይዘጉ፣ ቁልፋቸውም ይጠበቅ ነበር። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ምን እንደተጫነ ይታወቅ ነበር። ወሬም ቢሆን የሚገባው ከሲራራ ነጋዴ ጋር በበር በኩል ነው።

ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን በየትኛውም በር ሳያልፍ፣ ቀረጥም ሳይከፍል ወደ ከተማዋ የሚዘልቅ አንድ እንግዳ መጥቷል። ይህ እንግዳ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የሚገርመውም የጥንቱ በር በሚዘጋበት ሰዓት፣ ማለትም ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የዚህ እንግዳ ጉዞ ይበልጥ የሚቀና መሆኑ ነው። ከካይሮ፣ ከሞቃዲሾ፣ ከለንደን፣ ከኮሎኝ፣ ከዋሽንግተን የተላኩ ድምፆች በሐረር ቤቶች መደብ ላይ ለተቀመጠ አድማጭ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ሲናገሩ ኖረዋል። ከእነዚህ ድምፆች በስተጀርባ ደግሞ መንግሥታት ነበሩ።

ለመሆኑ በሌላ አገር መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሬዲዮ በእኛ ምርጫ ላይ ተጽዕኖ ያደርጋልን? የሚያደርግ ከሆነስ መጠኑን እንዴት እናውቃለን? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በፖለቲከኞች መካከል ሲሆን፣ አንዱ ወገን «ጠላት አሳሳተብን» ሲል ሌላው «እውነቱን የነገረን እርሱ ብቻ ነው» ይላል። ጥያቄው ግን የፊዚክስና የስታቲስቲክስ ተማሪዎችንም የሚመለከት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው እኛም ከሥሩ እንጀምራለን።

ሞገዱ ሐረር እንዴት ይደርሳል?

በሐረርና በሞቃዲሾ መካከል በቀጥተኛ መስመር 880 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከካይሮ እስከ ሐረር ደግሞ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምድር ክብ በመሆኗ በቀጥታ የሚጓዝ ሞገድ ይህን ያህል ርቀት መሄድ አይችልም። የኤፍ ኤም ሞገድን ብንወስድ በ100 ሜጋኸርትዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ የሚጓዘውም በቀጥታ መስመር ነው ለማለት ይቻላል። አንቴናው ከምድር h ሜትር ከፍ ቢል ሞገዱ በሜዳማ ስፍራ የሚደርስበት ርቀት በኪሎ ሜትር 4.12√h ያህል ይሆናል። የ100 ሜትር ምሰሶ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሳል ማለት ነው። በዚሁ ቀመር ከሞቃዲሾ ሐረርን ለመድረስ የሚያስፈልገው ምሰሶ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሊኖረው ነው! ይህ የማይታሰብ ነው።

አጭር ሞገድ የሚባለው (ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርትዝ) የሚጠቀመው በሌላ መንገድ ነው። ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ የፀሐይ ጨረር የአየሩን አቶሞችና ሞለኪውሎች እየሰባበረ ነፃ ኤሌክትሮኖችን ይፈጥራል። ይህ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። ሞገዱ ወደዚያ ሲደርስ ኤሌክትሮኖቹ ቀስ በቀስ ያጥፉትና ወደ ምድር ይመልሱታል። ከላይኛው የኤፍ ንብር የተመለሰ ሞገድ በአንድ ዝላይ ብቻ እስከ 3,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በሁለት ወይም በሦስት ዝላይ ከአውሮፓ ሐረር ይገባል።

ሞገዱ ተመልሶ እንዲመጣ ግን ድግግሞሹ መመጠን አለበት። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተላከ ሞገድ የሚመለስበት ከፍተኛው ድግግሞሽ 7 ሜጋኸርትዝ ነው እንበል። ሞገዱ አዮኖስፌርን በ60 ዲግሪ አዘንብሎ ቢመታ፣ 7ን ለኮሳይን 60 ስናካፍል 14 ሜጋኸርትዝ እናገኛለን። ስለዚህ ርቆ የሚሄድ ሞገድ ከፍ ያለ ድግግሞሽን ይሸከማል። ከዚህ ገደብ ያለፈው ሞገድ አዮኖስፌሩን ጥሶ ወደ ጠፈር ይሄዳል። የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከቀን ወደ ሌሊት፣ ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጥ፣ የአማርኛ ፕሮግራም አቅራቢዎች «በ19፣ በ25ና በ31 ሜትር ባንድ» እያሉ ብዙ ሞገዶችን የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነበር።

የመካከለኛ ሞገድ ጠባይ ደግሞ ልዩ ነው። በቀን የታችኛው የዲ ንብር ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ንብሩ ስለሚጠፋ ሞገዱ ከላይኛው ንብር ተመልሶ መቶዎች ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። በቀን የማይሰማ የጎረቤት አገር ጣቢያ ማታ ጎልቶ የሚሰማው በዚህ የተነሣ ነው።

የኢትዮጵያ ሰማይም የራሱ ጠባይ አለው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. ገደማ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በዚህ ቀጠና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የኤፍ ንብር አንዳንድ ጊዜ ይናወጣል፤ ከእርሱ የሚመለሰው የሬዲዮ ድምፅም ይንቀጠቀጣል። አንባቢያን ይህን ነጥብ ልብ ይበሉልን፤ ስለ ሞገድ አፈና ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ሐረርን የከበቡ ድምፆች

መንግሥታት በሌላ ሕዝብ ቋንቋ በሬዲዮ መናገር የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1934 ከባሪ ከተማ በዐረብኛ ማሰራጨት ጀመረች። ብሪታንያም የቢቢሲን የመጀመሪያ የውጭ ቋንቋ ሥርጭት በ1938 በዐረብኛ በመክፈት መልስ ሰጠች። በመካከሉ፣ በመስከረም 1936 በጄኔቫ አንድ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ሬዲዮ የሌላውን አገር ሕዝብ ለአመፅ ለማነሣሣትና ሐሰት ለመንዛት እንዳይውል የሚከለክል ነው። ይህ በመንግሥታት ማኅበር ጥላ ሥር የተፈረመው ሐረር ከተማ በኢጣልያ ጦር ከተያዘች ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ስምምነቱ ምን ያህል እንደሠራ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ይመሰክራል።

ከጦርነቱ በኋላ የካይሮ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ አፍሪካ ቀንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በሶማሊኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ መናገር ጀመረ። ሶማሊያ በ1960 ነፃ ከወጣች በኋላ የሞቃዲሾ ሬዲዮ በሶማሊኛ፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አድማጮች ፕሮግራም አቀረበ። በዚያን ጊዜ ኦሮምኛ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ በሐረርጌ ገጠር የሚኖር ገበሬ የራሱን ቋንቋ በሬዲዮ ለመስማት የነበረው ዕድል የሌላ አገር ጣቢያ ነበር። ይህ ዐቢይ ቁም ነገር ነው፤ የውጭው ድምፅ ኃይል ያገኘው ከማሰራጫው ኪሎዋት ብቻ ሳይሆን ከአገር ቤቱ ዝምታም ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ በሶማሊኛ ማሰራጨት ጀመረች፤ በሐረርም ጣቢያ አቋቋመች፤ ከአብዮቱም በኋላ ከሐረር በኦሮምኛ ተሰማ።

ሁለቱ መንግሥታት የሬዲዮን ኃይል ምን ያህል ይፈሩ እንደነበር ከውሎቻቸው ይታያል። በ1956 ዓ.ም. የድንበር ግጭት ከተካሄደ በኋላ በካርቱም የተደረገው ስምምነት የተኩስ ማቆምን ብቻ ሳይሆን የጥላቻ ፕሮፓጋንዳ ማቆምንም ይጨምር ነበር። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር አፋፍ ደርሶ ከተመለሰበት ጦርነት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. የተፈረመው ውልም ይህንኑ ጉዳይ ደግሞ አንሥቷል። መድፍና ማይክሮፎን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ምርጫ እምብዛም አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ ምክር ቤት አባላት የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን ፓርቲ የሚባል አልነበረም። የውጭ ሬዲዮና የምርጫ ካርድ ፊት ለፊት የተገናኙት ከ1987 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ከፋዩ ማን ነው? አዘጋጁስ?

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ መለያ ማስቀመጥ ይገባል። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሁሉ በመንግሥት ቃል ይናገራል ማለት አይደለም። ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መጠየቅ ያሻል። አንደኛው ገንዘቡን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ምን እንደሚነገር የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው።

የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ሥራ የጀመረው በመጋቢት ወር 1957 ዓ.ም. ሲሆን ወጪው የሚሸፈነው ከጀርመን ፌዴራል መንግሥት በጀት ነው። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1982 ተጀመረ፤ ኦሮምኛና ትግርኛ በ1996 ተጨመሩ። ይህ ጣቢያ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ቢሆንም ትክክለኛና ሚዛናዊ ዜና እንዲያቀርብ በ1976 በሕግ ተደንግጎለታል። የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል ከ1957 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ሲሆን የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ክፍሎቹ የተከፈቱት በ2017 ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ የጦርነት ጊዜው የሞቃዲሾ ሬዲዮ ዓይነት አለ፤ እዚህ ዜናውን የሚጽፈውና ጦሩን የሚያዘው አንድ መንግሥት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከየት እንደሚናገር የሚደብቀው ነው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አድማጭ የምንጩን ጥቅም አስቦ የሰማውን ለመመዘን አይችልም።

የ1997ና የ2002 ምርጫዎች

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ ብርቱ ፉክክር የታየበት ነበር። ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ አገኙ። ከምርጫው በፊትና በኋላ የአሜሪካ ድምፅና የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ፕሮግራሞች በብዙ ከተሞች በጉጉት ይደመጡ ነበር። ውጤቱን ተከትሎ በተነሣው ብጥብጥ ምክንያት በዋሽንግተን የሚሠሩ 5 የአሜሪካ ድምፅ ጋዜጠኞች በሌሉበት ከተከሰሱት መካከል ነበሩ፤ ክሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣላቸው።

የሚቀጥለው ምርጫ ሊካሄድ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በመጋቢት ወር 2002 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን የሚያስችል ዝግጅት እንዲደረግ መፍቀዳቸውን በግልጽ ተናገሩ። ጣቢያውንም በ1994 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ እልቂት ጊዜ ጥላቻን ከነዛው የሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳሰሉት። የአሜሪካ መንግሥት ንጽጽሩን ተቃወመ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ምርጫው ሲካሄድ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ።

እዚህ ላይ ችኩል አንባቢ ቶሎ ይደመድማል። «በ1997 ሬዲዮው ተሰማ፣ ተቃዋሚ አሸነፈ፤ በ2002 ሬዲዮው ታፈነ፣ ገዥው ፓርቲ አሸነፈ፤ እንግዲህ ሬዲዮው ነው ያደረገው» ይላል። በሳይንስ ዓይን ግን ይህ ምንም አያረጋግጥም። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተለወጠው ሬዲዮው ብቻ አልነበረም። የተቃዋሚ መሪዎች ታስረዋል፣ ተፈትተዋል፣ ተከፋፍለዋል፤ የፕሬስና የማኅበራት ሕጎች ተለውጠዋል፤ የገዥው ፓርቲ አባላት ቁጥር በብዙ ጨምሯል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ምክንያት ማድረግ የሚቻለው በፖለቲካ ንግግር እንጂ በጥናት አይደለም።

አፈና በፊዚክስ ዓይን

ሞገድን ማፈን ማለት በዚያው ድግግሞሽ ላይ ጩኸት መላክ ነው። መቀበያው ሁለቱን ለመለየት አይችልም። ብርቱው ይሰማል፤ ደካማው ይዋጣል።

ለምን ቀላል እንደሆነ በሒሳብ እንየው። የሞገድ ኃይል ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። የ250 ኪሎዋት ማሰራጫ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል እንበል። የ1 ኪሎዋት አፋኝ ደግሞ ከአድማጩ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ተተክሏል። የርቀቱ ብልጫ 1,000 ጊዜ በመሆኑ የኃይሉ ብልጫ 1,000,000 ጊዜ ይሆናል። ይህን ለ250 ብናካፍለው አፋኙ 4,000 ጊዜ በርትቶ ይሰማል ማለት ነው። በእርግጥ አዮኖስፌሩና መሬቱ ስሌቱን ያወሳስቡታል፤ ዋናው ሐሳብ ግን አይለወጥም።

ይኸው ስሌት ግን የአፈናን ድካምም ያሳያል። የአፋኙ ሞገድ መሬት ለመሬት ስለሚጓዝ ከከተማው ሲርቅ ይደክማል፤ ከሰማይ የሚመጣው ግን በከተማም በገጠርም እኩል ነው። በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት በታላላቅ ከተሞች የማይሰማ የውጭ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ሲሉ ይሰማ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አፈና መረጃን አያጠፋም፤ እኩል ባልሆነ መንገድ ያከፋፍላል። አንዱ ጎረቤት ሰምቶ ሌላው ሳይሰማ ሲቀር ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ በየአፉም ይጨመርበታል።

ሌላም ጣጣ አለ። ከላይ እንደተጠቀሰው የእኛ ሰማይ በምሽት በተፈጥሮው ይናወጣል። አድማጩ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ «አፈኑት» ሊል ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል ምልክቶች አሉ። የተፈጥሮው መናወጥ በአጠገቡ ባሉ ሌሎች ጣቢያዎችም ላይ ይታያል፤ ከሴኮንድ ወደ ሴኮንድም ይለዋወጣል። ሰው ሠራሹ ግን በአንድ ድግግሞሽ ላይ ተክሎ ይቆማል፤ ፕሮግራሙ ሲጀምር ይጀምራል፣ ሲያልቅም ያልቃል። አፈናን ያለ ማስረጃ መጠርጠርም ሆነ ያለ ማስረጃ መካድ ሁለቱም ስሕተት ነው።

በሕግ በኩል ሲታይ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ወሰን ሳይገድበው መረጃን የመሻትና የመቀበል ነፃነትን ይደነግጋል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብም ጎጂ የሞገድ ጣልቃ ገብነትን ይከለክላል። በሌላ በኩል የምርጫ ሕጋችን ፓርቲዎች ከውጭ አገር ሰዎችና ድርጅቶች ገንዘብ እንዳይቀበሉ ያግዳል። ገንዘብን በድንበር ላይ ለመያዝ ይቻላል፤ ቃልን ግን አይቻልም።

ተጽዕኖ እንዴት ይለካል?

የውጭ ሬዲዮ ምርጫን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም ለማለት ተመሳሳይ ሰዎችን ወስዶ ግማሹን ማሰማት፣ ግማሹን አለማሰማት ያስፈልጋል። በሰው ላይ ይህን ለማድረግ አይቻልም። ሆኖም መልክዓ ምድር አንዳንድ ጊዜ ሙከራውን ያዘጋጅልናል። አንድ ኮረብታ በሁለት ተመሳሳይ መንደሮች መካከል ገብቶ ከአንደኛው ሞገዱን ይጋርዳል። የሩዋንዳውን ሬዲዮ ያጠና አንድ ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በዚሁ መንገድ ተጠቅሞ ከዓመፁ 10 በመቶ የሚሆነውን ለሬዲዮው ሰጥቷል። ሬዲዮ መግደል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን፤ ነገር ግን ያ ጣቢያ የአገር ውስጥ እንጂ የውጭ አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ስለ ውጭ መንግሥት ሥርጭትና ስለ ምርጫ በተለይ የሚናገሩ ሦስት ጥናቶችን እንመልከት።

አንደኛው በክሮኤሽያ የተደረገ ነው። የሰርቢያ መንግሥት ሬዲዮ ለራሱ ሕዝብ ሲናገር ሞገዱ ድንበር ተሻግሮ በአንዳንድ የክሮኤሽያ መንደሮች ይሰማል፤ በሌሎቹ አይሰማም። አጥኚዎቹ የ2007ን እ.ኤ.አ. ምርጫ ሲመረምሩ ሬዲዮው በሚሰማባቸው መንደሮች ፀረ ሰርብ የሆኑ የአክራሪ ብሔርተኛ ፓርቲዎች ድምፅ ከፍ ብሎ አገኙት። አድማጩ ወደ ተናጋሪው አልሄደም፤ ይልቁንም በቁጣ ወደ ተቃራኒው ሄደ።

ሁለተኛው በዩክሬን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል የሩሲያ ቴሌቪዥን ሞገድ በአንዳንድ ቀበሌዎች ይደርስ ነበር። በደረሰበት ስፍራ ለሩሲያ የሚያደሉ ፓርቲዎች ድምፅ ጨመረ። ሆኖም ለውጡ ለሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። ቀድሞውኑ ወደ ሩሲያ ያዘነበሉት ይበልጥ አዘነበሉ፤ አጥብቀው የሚቃወሙት ግን ወይ አልተነኩም፣ ወይ ባሰባቸው።

ሦስተኛው በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ነው። ድሬዝደን በሸለቆ ውስጥ በመሆኗ የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን አይደርስባትም ነበር። የውጭ ቴሌቪዥን ሥርዓቱን ያናጋል ተብሎ ቢታሰብም፣ ጥናቱ ያሳየው የምዕራቡን ፕሮግራም የሚያዩት በኑሯቸውና በሥርዓቱ ይበልጥ ይረኩ እንደነበር ነው። ምሽታቸውን በመዝናኛ ያሳልፉ ነበርና።

ሦስቱ ሲጠቃለሉ አንድ ነገር ይነግሩናል። ተጽዕኖ አለ፤ ነገር ግን አድማጩ እንደ ባዶ ጋን የተሞላውን ሁሉ የሚቀበል አይደለም። ውጤቱ የሚወሰነው አድማጩ አስቀድሞ ባለው እምነት፣ በሚያምነው ምንጭና በአማራጮቹ ብዛት ነው።

ሐረር እንደ ቤተ ሙከራ

ይህ ዓይነቱ ጥናት በአገራችን ቢደረግ ሐረርና አካባቢዋ ምቹ ስፍራ ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በደቡብ የሐኪም ተራራ ይጋርዳታል፤ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ባቢሌ ዝቅ ይላል። ከአንድ ጣቢያ የሚወጣ የኤፍ ኤም ሞገድ በአንዱ ኮረብታ ጀርባ ሲጠፋ በሌላው ላይ ይጎላል።

የሕዝቡም ሁኔታ እንደዚያው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ብዛት 183,000 ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ ኦሮሞ፣ ከአምስት አንድ በላይ አማራ፣ ከአሥር አንድ በታች ሐረሪ ነበር። ጉራጌና ሶማሊም አሉ። በአንድ ሰፈር ውስጥ አራት ቋንቋ ማለት አራት የተለያየ የሬዲዮ ምርጫ ማለት ነው። መራጩ ጥቂት በሆነበት ክልል ደግሞ ትንሽ የድምፅ መዛወር ታላቅ ለውጥ ያመጣል።

የክልሉ ምክር ቤት አወቃቀርም ልዩ ነው። ከ36 መቀመጫዎች 22ቱ በክልሉ ነዋሪዎች ሲመረጡ፣ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የሚባሉትን 14ቱን የሚመርጡት ከክልሉ ውጭ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የሚኖሩ ሐረሪዎችም ጭምር ናቸው። በስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ይህ አሠራር አከራክሮ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በክልሉም ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ሐረር ውስጥ የሚኖረውና አዲስ አበባ የሚኖረው ሐረሪ ለአንድ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የሚሰሙት ግን የተለያየ ነው። አጥኚ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከወዴት ያገኛል?

ዘዴው ከተማሪ አቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ የእጅ ሬዲዮና የሞገድ ብርታት መለኪያ ይዞ በየቀበሌው በመዞር የትኛው ጣቢያ የት እንደሚሰማ ካርታ መሥራት ነው። ቀጥሎ በየምርጫ ጣቢያው የተለጠፈውን ውጤት ከካርታው ጋር ማነጻጸር ነው። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በኮረብታ የተጋረደ ቀበሌ ከሬዲዮ ብቻ ሳይሆን ከመንገድና ከገበያም ይርቃል፤ ስለዚህ የድምፁ ልዩነት ከድህነት እንጂ ከሬዲዮ ላይመጣ ይችላል። በመንገድ፣ በትምህርትና በቋንቋ ተመሳሳይ የሆኑ ቀበሌዎችን ማጣመር የግድ ነው። መራጩንም ለማን እንደመረጠ መጠየቅ አይገባም፤ የድምፅ ምሥጢር ከጥናት ይበልጣል።

ከሬዲዮ ወደ ስልክ

ዛሬ በጀጎል ውስጥ አጭር ሞገድ ከሚከፍተው ወጣት ይልቅ ስልኩን የሚከፍተው ይበዛል። በስልክ የሚመጣውን ኮረብታ አይጋርደውም፤ አዮኖስፌርም አይመልሰውም። ምንጩም እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዓቱንና ስሙን ጠርቶ አይጀምርም። በ2021 እ.ኤ.አ. የፌስቡክ ኩባንያ ከግብፅ የሚንቀሳቀስና በአማርኛም ጭምር ወደ ኢትዮጵያ ያነጣጠረ የሐሰተኛ ገጾች መረብ ማስወገዱን አስታወቀ፤ መረቡንም ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር አያይዞታል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ምርጫው ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከኢትዮጵያ የሚንቀሳቀስ ሌላ መረብም አስወግዶ በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ግንኙነት እንዳለው ገልጿል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስተምራል። ማንነቱን የደበቀ ድምፅ ከውጭም ከውስጥም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ምንጩ በምርመራ እንጂ በግምት አይታወቅም።

ሌላውን ትምህርት የሰጠን ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በዋሽንግተን በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ምክንያት የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ እንዲቆዩ ተደርጎ ከ40 ዓመት በላይ የቆየው የአማርኛ ሥርጭት በድንገት ተቋረጠ። የኢትዮጵያ መንግሥት አፋኝ አልተከለም፤ የኢትዮጵያ አድማጭም አልተጠየቀም። በሌላ አገር በጀት የሚኖር ድምፅ በሌላ አገር ውሳኔ ይጠፋል። ጣቢያውን የሚወድም የሚጠላም ከዚህ የሚቀስመው አንድ ነገር ነው፤ የራስን ጉዳይ ለማወቅ በሌላው ቸርነት ላይ መመካት አያዛልቅም።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ የጀጎል ግንብ ከተማዋን የጠበቃት በሮች ስለነበሩት እንጂ ዙሪያውን ስለተደፈነ ብቻ አልነበረም። በር የሌለው ግንብ ነዋሪውን በረሃብ ይገድለዋል። ለሞገድም ያለው ብልሃት ይኸው ይመስለናል። የ1950ዎቹ ገበሬ ወደ ሞቃዲሾ ጆሮውን የሰጠው በቋንቋው የሚያናግረው በማጣቱ ነበር። በምርጫ ዘመን የአገር ውስጥ ጣቢያ ሁሉንም ወገን በእኩል፣ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በሰዓቱ ሲያሰማ የውጭው ድምፅ ከብዙ ድምፆች አንዱ ይሆናል። ዝም ሲል ግን ብቸኛው ድምፅ ይሆናል።

ከእናንተ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ደግሞ ከባድ አይደለም። አንድ ዜና ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ከፈለ? ማን ጻፈው? ሌላ ምንጭስ ምን አለ? ከዚያ በላይ የምትሹ ካላችሁ ሬዲዮና ካርታ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ተራራ ውጡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መቀበያውን ክፈቱ፤ የምትሰሙትን ድግግሞሽና ሰዓት በደብተራችሁ መዝግቡ። የመጀመሪያው መረጃ ከዚያ ይጀምራል።